በዓቢይ ጾም ለተሮጠው ሩጫ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር ካፒቴን፣ በቡሬ የጣሊያን ምሽግ የሰውነት ማጠንከሪያ አለቃ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ይልቁንም ያን ፊሽካ ሲነፋ የማይደክመው ሳንባዎ ደኅና ሰንብቷል ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ አንድ ሰው ብቻ ጎድሎብናል። ይህን ደብዳቤ በገበያው ዋርካ ላይ መለጠፌ ክብርዎን ለመንካት አይደለም፤ የምሽጉ ዘበኛ ቄስ አላስገባም ስላለኝና የእርስዎም ማስታወቂያ እዚያው ዋርካ ላይ ስለተለጠፈ ነው። አስተርጓሚዎን ግን አንድ ነገር እለምነዋለሁ፤ ሲያነብልዎ እንዳያለሰልሰው።

ስለ ሰውነታችን በማሰብዎ ውለታዎን አንረሳም። የቡሬ ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ፣ ሲያርምና ሲያጭድ ኖሮ ሰውነቱ እንዳልሠራ የነገሩት እርስዎ ነዎት። በየዓርቡ በስድስት ሰዓት ከምሽጉ ሥር ካለው ሜዳ እየተሰበሰበ እንዲሮጥም ያዘዙለት እርስዎ ነዎት። ሆኖም ቅር ያሰኙንን ጥቂት ነገሮች በተራ ባቀርብ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

፩ኛ. ስለ አጀማመሩ። በእኛ አገር ከረጅም ዕረፍት የወጣ በሬ በመጀመሪያው ቀን እስከ ረፋድ ብቻ ተጠምዶ ይፈታል፤ ትከሻው እስኪለምድ ድረስ ሥራው ቀስ በቀስ ይጨመርለታል። እርስዎ ሰዎቹን ከቆሙበት በአንድ ፊሽካ አስነሥተው በጠራራ ፀሐይ አስጋለቧቸው። እንደ በሬ መቆጠር በዚህ ዘመን ማዕረግ መሆኑን ያን ዕለት ተረዳን።

፪ኛ. ስለ ጎረቤቴ ስለ ተስፋው ጉልበት። ጉልበቱ አብጦ ልረፍ ቢልዎ፣ ሕመም የሰነፍ ምክንያት ነው ብለው ከነእብጠቱ አስሮጡት። አሁን ያለ ምርኩዝ አይራመድም። በሁለት እግር የመጣውን ሰው ባለ ሦስት እግር አድርገው ስለሸኙት ያመሰግንዎታል።

፫ኛ. ስለ ደረሰ። እዚህ ላይ ይታገሱኝ።

ደረሰ የወይዘሮ ዓባይነሽ የበኩር ልጅ፣ የእኔም የንስሐ ልጅ ነበር። በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ የቅዳሴው ደወል እስኪደወል ድረስ እህልም ውሃም በአፉ አይዞርም። በቡሬ ይህን የማያውቁ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ጠይቀውም አያውቁም። በዚያ ፀሐይ ሲሮጥ ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ፣ ላቡም ደርቆ ቀረ፤ ላብ ሲደርቅ ደግሞ ማቆም እንጂ መሮጥ አይገባም ነበር። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ አልጨከኑበትም፤ የራስዎን ኮዳ አውጥተው ሰጡት። እሱም ተቀብሎ ቆመ፤ ዐይኑም በሕዝቡ መካከል እኔን ይፈልግ ጀመር፤ የንስሐ አባቱ ጾሙን ከፈታለት ሊጠጣ ይችላልና። እኔም ሜዳው ከታጠረበት ገመድ ወዲህ ሆኜ «ጠጣ ልጄ፤ ፈትቼሃለሁ» ብዬ ጮኽሁ። በዚያችው ቅጽበት ፊሽካዎን ነፉ፤ ዘበኛውም ደረቴን በዱላ ገፍቶ መለሰኝ። ደረሰ አልሰማኝም። ኮዳውን ሳይቀምስ በሁለት እጁ ይዞ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሥቶ መለሰልዎ፤ እናቱ ያስተማሩት እንዲያ ነውና። እርስዎም አልጠማኝም ያለ መሰለዎትና ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወደ ሩጫው ሰደዱት። አንድ ዙር ሳይሞላ ወደቀ። የቅዳሴው ደወል ሲደወል እኛ እየገነዝነው ነበር።

፬ኛ. ስለ ማስታወቂያዎ። ሟቹ ውሃ ቀርቦለት አልፈልግም ያለ፣ በተፈጥሮው ደካማና ስፖርት ያልለመደ ሰው ስለነበር ልምምዱ ከሚመጣው ዓርብ ጀምሮ እጥፍ እንዲሆን፣ በሟቹም ቦታ ታናሽ ወንድሙ ታከለ እንዲሰለፍ አዝዘዋል። ወይዘሮ ዓባይነሽ ማንበብ ስለማይችሉ ወሬውን በገበያ ከሰው አፍ ሰሙት። ልቅሶ ልደርሳቸው ብሄድ፣ «አባ፣ ሞቱንስ የሰጠ እግዜር ነው እንበል፤ ደካማ ነበር ያሉትን ግን ማን ይፍታልኝ? የኔን ማሳ አርሶ ሲያበቃ የመበለቶቹን የሚያርስ ልጅ ነበር» አሉኝ። ስንቱን የቀበርሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ግን አዝኜ አላውቅም።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከማስታወቂያዎ ላይ «ደካማ» የምትለዋን ቃል ይፋቁልን። ልጁን መመለስ እንደማይችሉ እናውቃለን፤ ስሙን መመለስ ግን ያን ያህል ትንፋሽ አይፈጅም። ስለ ታከለ ከታች እመለስበታለሁ።

እስትንፋስዎ ሳይቆራረጥ፣ ጉልበትዎ ሳይከዳዎ፣ ሲጠማዎም የማንንም ፊት ሳያዩ የሚጠጡ ሆነው ይሰንብቱ።

ድምፁ ከፊሽካዎ ያነሰበት፣
ቄስ ክንፈሚካኤል
ቡሬ፣ መጋቢት ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ለዓርብ የጠሯቸው ወንዶች ከሜዳዎ ቢጠፉ ሰነፉ ብለው እንዳይቀየሙ። ልምምዳቸውን ዛሬ ማለዳ ጀምረዋል፤ የሚሄዱትም ወደ ፈጣም ወንዝ ቆላ፣ ጠመንጃ ወዳነሡት ወንድሞቻቸው ነው። ፀሐይ ሳይበረታ በዝግታ ተነሥተዋል፤ ተስፋውም በበቅሎ ተቀምጧል፤ እኔም ይህን ለጥፌ ከኋላቸው አዘግማለሁ። ሊከተሉን ካሰቡ እርስዎም ቀስ ብለው ይጀምሩ፤ ቁልቁለቱ ጉልበት ይጎዳል። ጾሙን ለሁሉም በየስማቸው እየጠራሁ ፈትቼላቸዋለሁ። ወይዘሮ ዓባይነሽም አብረውን ናቸው፤ ጾም ሽረው የማያውቁት እኒያ ሴት ከቤት ሳይወጡ ውሃ በቅል ቀድተው፣ ታከለ እስኪጨርሰው ድረስ ፊቱ ቆመው አስጠጡት።