የሚደሙ ሕፃናት ሐኪም የነበሩት የጋሼ የሕይወት ታሪክ

እኛ ቤት «ጋሼ»፣ ሆስፒታል ደግሞ «ዶክተር ቆይ» ይባሉ የነበሩት ታላቅ ወንድሜ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ጥቅምት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሰፈራቸው ባለው ትምህርት ቤት ገቡ። ሁሌም አንደኛ ይወጡ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ሦስተኛ ነበሩ። በ1975 ዓ.ም. በሕክምና ተመረቁ፤ በኋላም በሕፃናት የሆድ ዕቃ ሕክምና ስፔሻላይዝ አድርገው የሕፃናት ሆስፒታሉን የኢንዶስኮፒ ክፍል ከፈቱ።

ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ ስክሪንና ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ነበረው። ከዚያ በፊት ደም የሚያስታውክ ወይም ሰገራው የጠቆረ ልጅ ደም ተሰጥቶት፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይሸኝ ነበር። እሳቸው ግን ልጁ በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ ከላይም ከታችም በቱቦው እያዩ ቁስሉን ይፈልጉ ነበር። የሚያጣድፋቸውን ሁሉ «ቆይ» ስለሚሉ ስሙ ወጣላቸው።

በ1988 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ነበር፤ ልጅ ሳይወልዱ ከስድስት ዓመት በኋላ ተለያዩ። ጠብ አልነበረም፤ ባለቤታቸው ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ ብለው ነው የሄዱት።

በ2001 ዓ.ም. አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ መጣች። ከላይም ከታችም አዩ፣ ምንም አላገኙም፤ ደሙ ስለቆመ ሸኟት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመልሳ እጃቸው ላይ አረፈች። ደሙ የሚመጣው ቱቦው ከማይደርስበት ከትንሹ አንጀት መካከል ነበር። አባቷ ስለ ልፋታቸው ሲያመሰግኗቸው ጋሼ መቆሚያ ጠፋቸው። ከዚያ ወዲህ ሠርግ የለ፣ ልደት የለ፤ ከሰው ተለዩ። እኛም ኮሩ አልን።

በ2008 ዓ.ም. እናታችን ሲቀበሩ ጋሼ አልነበሩም። አመሻሽ ላይ መጥተው በር ላይ ቆሙ። እኔም ምን እንዳገኛቸው ሳልጠይቅ፣ ሰው ፊት «እናትህ አይደለችም እንዴ?» አልኳቸው። ዞረው ሄዱ። እንደተኳረፍን ቀረን።

ለካ በቀብሩ ዕለት፣ ቤቴን አጠያይቃ ትናንት መርዶ ይዛልኝ የመጣችው የክፍላቸው ነርስ እንደነገረችኝ፣ ልክ እንደዚያች ልጅ ቁስሉ ያልተገኘ የአምስት ዓመት ልጅ እየደማ ነበር። እንደ ክኒን ተውጣ ቱቦው የማይደርስበትን አንጀት የምታነሳ ትንሽ ካሜራ መዋጥ ስላቃተው በቱቦው አስገቡለት፤ ያነሳችውን በሺዎች የሚቆጠር ምስል አንድ በአንድ አዩ። ምስሉን ማንበብ የሚችል ሌላ ሐኪም አልነበረም። የሚደማውን ቦታ አገኙት፤ ቀዶ ሐኪሙ ቆርጠው አወጡት፤ ልጁ ዳነ። ምነው ጋሼ፣ ይህቺን ብትነግረኝ ምን ነበረበት!

ጋሼ በጉበት ሕመም በሌላ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኝተው የካቲት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ካርዳቸው ላይ የቅርብ ዘመድ በሚለው ቦታ የጻፉት የእኔን ስልክ ነው፤ ከተኳረፍን በኋላ የቀየርኩትንና አዲሱን ያልሰጠኋቸውን። ሆስፒታሉ ሲደውል የማላውቀው ሰው አንሥቶ «ተሳስተዋል» ብሎ ዘጋ።

ከኋላቸው አንዲት እህት ቀርታለች፤ ይህን የማነብላችሁ እኔ ነኝ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሰው በማይናፍቁበት ቦታ ያሳርፍልን። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ የምጠይቀው ሰው የለኝም።