በእኔ በኩል ያለው ፍሬን

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬ ስድስት ተማሪ። አንዱ አሁንም ግራና ቀኙን ያምታታል። ጠበቃ ነው ደግሞ… ደንበኞቹን አምላክ ይጠብቃቸው።

ከመኪናው ስወርድ ቀኝ እግሬ አልታዘዝ አለ። ባቴ ድንጋይ ሆኗል። በሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። የማሠልጠኛው ዘበኛ "አስተማሪ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሲረግጡ ዋሉ?" ብሎ ሳቀብኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው መኪና ሳስተምር፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። የሚነዱት እነሱ፤ የሚደክመው የኔ እግር? ምን ሠርቶ?

እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ ደወለች። ሁለተኛውንም የመንጃ ፈቃድ ፈተና ወደቀች። እዚያችው "ቁም" የተጻፈባት የመንገድ መገናኛ ላይ። ፈታኙ ነው አሉ በሱ በኩል ያለውን ፍሬን ይዞ ያስቆማት። "በቃ፣ ደደብ ነኝ። አርጅቻለሁ። ተዪኝ" አለችኝ። አምሳ ስምንት ዓመት እርጅና ነው እንዴ? ደግሞስ እንዴት ነው የምተዋት? ጋሼ፣ ባሏ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል መሄድ አለባቸው። ሲወጡ ያዞራቸዋል፤ መሪ መያዝ አይታሰብም። የሚያመላልሳቸው ጎረቤት በታኅሣሥ መጀመሪያ ቤት ይለቃል። መኪናቸው ግቢ ውስጥ አቧራ ይጠጣል። አንድ ፈተና ነው የቀራት። ከወደቀች ስድስት ወር መጠበቅ… ስድስት ወር ደግሞ ማን ያደርሳቸዋል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ሐኪሙ እግሬን አገላብጦ አየና "ምንም የለበትም" አለ። ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። ልጅ እግር ሴት ናት። "ወጌሻ ነሽ ማለት ነው?" ስላት "እንደሱ ይበሉኝ" ብላ ሳቀች። እንግዲህ ወጌሻዋ ናት።

ታሸኛለች ብዬ ነበር። ምንጣፍ ላይ አስተኛችኝ። "ምንም እንዳያስተካክሉ። ዝም ብለው ይታዘቡ።" ምኑን? "ግራ እግርዎ እንዴት ነው?" ተኝቷል። "ቀኙስ?" … ቀኙ አልተኛም። ጣቶቹ ተሰብስበዋል። ስሙን ሲጠሩት አቤት ሊል የተዘጋጀ ነው የሚመስለው።

ከዚያ እግሬን በሁለት እጇ አነሳችው። "ሙሉ ክብደቱን ለኔ ይስጡኝ።" ሰጠሁ። "ሰጡኝ?" አዎ አልኩ። እጇን አነሳች። እግሬ አየር ላይ ቀረ! ብቻውን! እየሳቅኩ ደነገጥኩ። "ለቅቄው ነበር እኮ" አልኳት። "እግርዎ አልሰማም" አለችኝ።

የቤት ሥራ ሰጠችኝ፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ቆም ብሎ መጠየቅ። መንጋጋ፣ ትከሻ፣ ሆድ፣ እግር… ምን እየሠራችሁ ነው? ብሎ መጠየቅ ብቻ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ዳቦ ወረፋ ላይ፦ ጥርሴን ነክሻለሁ። ማንን ልበላ ነው?

ስልክ ሳወራ፦ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደርሷል። ስለቀው አንድ ስንዝር ወረደ። ይሄን ሁሉ ተሸክሜ ነው የምዞረው?

ቤት፣ ቴሌቪዥን ፊት፦ በፊልሙ ውስጥ መኪና በፍጥነት መጣ። ቀኝ እግሬ ምንጣፉን ረገጠ። ራሴ አየሁት! ባለቤቴን "አየኸው?" ብለው፣ "ሁሌም እኮ ነው። አልጋ ላይም ትረግጪኛለሽ" አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አልክ? "ሥራሽ ነው ብዬ ነዋ።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

እትዬን ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ እንደገና ለምኜ ለልምምድ አወጣኋት። እንዴት ነዳች መሰላችሁ! (ለማን ነው የምጽፈው?) መገናኛዋ ላይ መስመሩን ሳትነካ ቆመች። ታዲያ ፈተና ላይ ምን ይነካታል?

"ካንቺ ጋር እኮ ገና ጫን ሳደርገው ነው የሚቆመው" አለች። "የፈተናው መኪና ፍሬኑ ሰነፍ ነው።"

"መኪናውን አትክሰሺ እትዬ፣ አንድ ዓይነት ናቸው።"

"አንቺ ደግሞ፣ ለመኪና ጠበቃ ቆምሽ!"

ሳቅን። ጥሩ ቀን ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ወጌሻዋ ጋ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ። አላውቅም አልኩ። ወዲያው ግን ያቺ ነርስ ትዝ አለችኝ። ከስድስት ዓመት በፊት የነበረች ተማሪዬ። ፍሬን ብላ ነዳጅ ረገጠች፤ ግንብ መታን። የኔ እግር ዘገየ። ማንም አልተጎዳም፤ መብራት ብቻ ነው የተሰበረው። በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ረሳሁትም። ይህን ስነግራት ወጌሻዋ በአገጯ ወደ ታች ጠቆመችኝ። እግሬ ወለሉን ተጭኗል። ጣቶቼ ነጭ ሆነዋል።

እሱ አልረሳም ማለት ነው?

አስተኛችኝ። "ሆን ብለው ያጥብቁት… የበለጠ… አሁን በትንፋሽዎ ቀስ እያሉ ይፍቱት።" ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። በአምስተኛው ከፍ አድርጋ ለቀቀችው። ዱብ አለ! እንባዬ መጣ። አላዘንኩም፣ አላመመኝም። ታዲያ ምንድን ነው? "አንዳንዴ ይመጣል፤ ይምጣ" ብላ መሐረብ ሰጠችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ከእትዬ ጋር ወጣን። የቤት ሥራዬን ልሥራ ብዬ፣ መገናኛዋ ጋ ስንደርስ ሰውነቴን ጠየቅኩ። መንጋጋ? ላላ። ትከሻ? ደህና። እግር?

እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር። በእኔ በኩል ባለው ፍሬን ላይ። ተጭኖ ነበር። መኪናው እየቆመ ነው… የእትዬን እግር አየሁ፤ ገና ጫን እያደረገችው ነው።

እስኪ ድጋሚ አልኳት። አዞርን። እንደገና ያው። አሥር ሜትር ሲቀረን ነው የምጀምረው። በዝግታ፣ በልስላሴ… ምንም አይሰማም። እሷ ያቆመች ይመስላታል። እኔም እሷ ያቆመች ይመስለኝ ነበር።

እትዬን ሳስተምር አራት ወር ሙሉ ፍሬን የያዝኩት እኔ ነኝ። ፈታኙ ደግሞ አስቀድሞ አይዝላትም። ሁለት ጊዜ የጣልኳት እኔ ነኝ!

እሑድ፣ ኅዳር 16

አልነገርኳትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ሌሎቹም ላይ አደርገው እንደሆነ ስጠብቅ ዋልኩ። ጠበቃው ላይ ሁለት ጊዜ። ሌሎቹ ላይ እምብዛም። ለምን እትዬ ላይ ባሰብኝ? ስለምሳሳላት ነዋ። እሷ ነች ያሳደገችኝ። ሳስቼላት ነው ያበላሸኋት።

ዛሬም አልነገርኳትም። ፈሪ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

ነገርኳት። ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ሽንኩርት እየላጠች። ቢላዋውን አስቀመጠችው።

"ሁለት ጊዜ ወደቅኩ" አለች። "ባሌ ፊት አለቀስኩ። ደደብ ነኝ ብዬ አለቀስኩ። አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ…"

"አላወቅኩም እትዬ። እኔ ልሙት፣ አላወቅኩም።"

"እግርሽ ነው እኮ! ሰው እንዴት የገዛ እግሩ የሚሠራውን አያውቅም?"

እኔም የምጠይቀው እሱኑ ነው። ጋሼ ከሳሎን "ምንድን ነው እሱ?" አሉ። "ምንም" አለች። በሩን ከፈተችልኝ። ቻው አላለችኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 21

ስልክ አታነሳም። ሦስት ቀን።

ከሥራ በኋላ መኪናው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ሞተር ጠፍቷል። እግሬን ፍሬኑ ላይ አስቀምጬ፣ አጥብቄ፣ እየተነፈስኩ እፈታለሁ። ለወጌሻዋ ደውዬ "ከነጭራሹ እግሬን ባርቀውስ?" አልኳት። "አያርቁት፣ አጠገቡ ይሁን። ያልጠበቀ እግር እንዲያውም ቶሎ ይደርሳል፤ መጀመሪያ መፈታት የለበትማ" አለችኝ። እውነት ይሆን? በሰዓት ልለካው ሞከርኩ። ዘበኛው በመስኮት ሲያየኝ ነበር። ምን ብሎ እንዳሰበ እንጃ።

እሑድ፣ ኅዳር 23

በሩ ተንኳኳ። እትዬ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፦ "ተነሺ፣ እንሂድ። ጫማሽን አውልቂ፤ እግርሽን ማየት እፈልጋለሁ።"

በካልሲ ተቀመጥኩ። መገናኛዋ ጋ ስንደርስ እግሬ መነሳት ጀመረ፤ ሰማሁት! ተረከዜን ለወለሉ ሰጠሁት፤ ረጅም ትንፋሽ አወጣሁ። አልያዝኩም። መኪናው መስመሩን አልፎ ሁለት ሜትር ሄዶ ቆመ። መንገዱ ባዶ ነበር፣ ተመስገን። እትዬ ጮኸች። ከዚያ ዞር ብላ መስመሩን አየችው።

"እንዲህ ነው እንዴ የሚከብደው?"

"እንዲህ ነው።"

"ቆይ፣ አንዴ ልድገመው።"

አሥራ አንድ ጊዜ ደገመችው። በአሥራ አንደኛው መስመሩ ላይ ቆመች። ካልሲዬ ተቀድዷል፤ እስክንመለስ ስትስቅብኝ ነበር። ይቅር አለችኝ መሰለኝ። በአፏ አላለችውም። በየቀኑ ከሥራ በኋላ ልንወጣ ተስማማን።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3

አለፈች!! ፈታኙ እግሩን እንኳ አላነቃነቀም አለችኝ። እግሩን ስታይ ነበር ማለት ነው፣ ጉድ እኮ ነች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ጎረቤትየው ዕቃውን ጭኖ ሄዷል። ዛሬ ጋሼን ያደረሰቻቸው እትዬ ናት። ፈቃድ ወስጄ አብሬ ሄድኩ፣ ለመጀመሪያ ቀን ብዬ። ፊት ልቀመጥ ስል "ወደ ኋላ" አለችኝ። በዚህ መኪና እኔ የምይዘው ፍሬን የለም። ከኋላ ደግሞ ከነጭራሹ ምንም የለም። ከግቢ ስንወጣ ጣቶቼ ተሰበሰቡ። ታዘብኳቸው። ፈታኋቸው። እንደገና ተሰበሰቡ፤ እንደገና ፈታኋቸው። የገበያው መታጠፊያ ጋ ጋሼ ስለ አዲሱ አልጋቸው ያወሩ ነበር… ከዚያ ወዲያ አላስታውስም።

"ተነሺ፣ ደርሰናል" አለችኝ እትዬ፣ ትከሻዬን እየነካች። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመናል። ጋሼ ወርደዋል። "ስታንኮራፊ ነበር" አሉኝ።

እዚያ ለመድረስ አራት መገናኛ አለ። እትዬ የት የት ፍሬን እንደያዘች አላውቅም።