የሚሄደው ቂንቲና የሚቀረው

ኤፕሪል 9

ድንች ስንለቅም ዋልን። ወገቤ አልቋል። ከሰዓት አማቴ፣ ማማ አሱንታ፣ ካቡ ሥር ቆመው ጠሩኝ። ትልቁ ቂንቲ፣ አበባ መጣጩ ወፍ፣ አየር ላይ ቆሞ የቁልቋሉን አበባ ይመጥጣል። ሮጬ የባሌን ብርድ ልብስ ካቡ ላይ አሰጣሁ፤ በቆሎም ቆላሁ። የቤታችን ልማድ ነው... ኢላሪዮ ከደጋችን ለፍሬ ለቀማ ቺሌ ሲወርድ ወፉም አብሮት ይወርዳል። ወፉ ሲመለስ እሱም ይከተላል።

"ልጄ መንገድ ጀምሯል" አሉ። ፊታቸው በራ።

ኤፕሪል 23

አልመጣም። ስልኩ አይነሳም። ብርድ ልብሱን ዛሬም አሰጣሁ፣ ዛሬም አጥፌ አስገባሁ። በቆሎውን ለዶሮዎቹ በተንኩት። ምን ገጥሞት ይሆን?

ሜይ 6

የኋላውን ክፍል የተከራየችን የወፍ ተመራማሪዋ ኖርካ ትልቁን ቂንቲ በመረብ ያዘችው። ላንድ አፍታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልቡ... እንዴት ይመታል! መንገዱ አድክሞት ነው ወይ አልኳት። ሳቀች።

"የምን መንገድ፣ ኤዲልማ? ይሄ እኮ ከዚህ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።"

ሁለት ዓይነት ናቸው አለችኝ። አንዱ ቺሌ የሚፈለፈል፣ እዚያ ሲበርድ ወደኛ የሚመጣ። ሌላው እዚሁ ተፈልፍሎ እዚሁ የሚሞት። መልካቸው አንድ ነው፤ እሷም በዓይን አትለያቸውም፣ የሚለዩት ደማቸው ተመርምሮ ነው። ለዚህኛው አምና እግሩ ላይ ቀለበት አስራለት ነበር። ጃንዋሪ ላይ፣ ቺሌ ነው በምንልበት ወር፣ እዚሁ ቁልቋል ላይ አይታዋለች።

ጃንዋሪ! እኛ የት ነበርን? እዚሁ። ኢላሪዮ ከሄደ በኋላ ቁልቋሉን ማን ቀና ብሎ ያያል... ስንት ዓመት ላልሄደ ወፍ ብርድ ልብስ አሰጣሁ?

ሜይ 7

ለማማ አልነገርኳቸውም።

ሜይ 21

ደወለ። ዘንድሮ አይመቸኝም አለ፣ ሥራ ምናምን... ከኋላው ሕፃን አለቀሰ። አንዲት ሴት "ኢላ፣ ያዘው እንጂ" አለች። ኢላ! እኔ እንኳ እንደዚያ ጠርቼው አላውቅም።

"የማን ልጅ ነው?"

መልሱን ትቶ "እናቴን አደራ" ብሎ ዘጋው።

አደራ... እኔንስ ለማን አደራ አለ? ተናደድኩ። ከዚያ ምድጃው ጥግ ገብቼ አለቀስኩ፣ ጭሱ ነው እያልኩ።

ጁን 2

ማማ "ብርድ ልብሱን ማስጣት ተውሽ" አሉኝ። ስለ ስልኩ ልናገር ብል አፌ እምቢ አለኝ። ስለ ወፎቹ ነገርኳቸው። የሚሄድ አለ፣ የሚቀር አለ፤ መልካቸው ግን አንድ ነው። ድንች እየላጡ ሰሙኝ።

"የሚሄደውስ ሁልጊዜ ይመለሳል?"

"ወፉ ይመለሳል፣ ማማ።"

ቢላዋው ቆመ። እራት ሳይበሉ ተኙ።

ኦገስት 15

ልብሴን ሸከፍኩ። እህቴ ቤት ልሂድ? ባሏ የተዋት ምራት የማን ናት? ማማ በር ላይ ቆመው አዩኝ። መልሼ ፈታሁት። ማን ድንች ይለቅምላቸዋል...

ዲሴምበር 11

ዝናቡ ጋብ አለ። ከገበያ ስመለስ ካቡ ላይ ብርድ ልብስ ተሰጥቶ አየሁ። ልቤ ደነገጠ... መጣ እንዴ? ቀረብ ስል የኔ ነው።

ማማ ሥሩ ተቀምጠው ቁልቋሉን ያያሉ። ቂንቲው እዚያ ነው፣ ቀለበቱ እግሩ ላይ።

"ላንቺ እኮ አንድ ቀንም አስጥቼልሽ አላውቅም" አሉ፣ ዓይናቸውን ከወፉ ሳይነቅሉ።

ዘንቢሌን አስቀምጬ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ብርድ ልብሱ በፀሐዩ እስኪሞቅ ሁለታችንም አልተነሳንም።