በኮአንግ ግንባር ላይ ያሉት መስመሮች

ይድረስ ለምወድሽ እታለም ሙሉብርሃን፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ከክረምቱ ወዲህ ተሻለው? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? ጋሽ አሸብርስ ደህና ነው? እኔ የባሮ ሙቀት ቢያቀልጠኝም ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልሽ ዶርቃ የኮአንግ ሚስት ናት። አብሯት ያለው ታማሚ ራሱ ኮአንግ ነው፤ ስድስት ዓመት ክሊኒክ አብሮኝ የሠራው፣ ወባ ሲጥለኝ እንደ ሕፃን ያስታመመኝ፣ ከማታር መንደር የመጣው ኑዌር። እሷ አማርኛዋ እምብዛም ነውና ነገሩን እኔ ልንገርሽ። ግን ለራሴም በቅጡ አልገባኝም፤ እየተምታታብኝ ነው የምጽፍልሽ።

ከሁለት ወር በፊት ራስ ምታት ያዘው። ወባ ነው ብለን ክኒን ሰጠነው። ትኩሳቱ ሄድ መለስ ሲል ቆይቶ የልጁን ስም ይረሳ ጀመር። ስንቱን ሲወጋ የኖረ ሰው አንድ ቀን መርፌ ይዞ ቆሞ ይህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሐኪማችን አንጎሉ ሳይቆጣ አይቀርም አለና የጭንቅላቱን ራጅ አስነሥቶ አዲስ አበባ ላሉ ሐኪም ላከ።

መልሱ ከራጅ ፎቶው ጋር ባለፈው ሳምንት መጣ። የግንባሩ አጥንት ብዙ ቦታ ተሰንጥቋል፣ ተደብድቦ ይሆናል፣ ሐሙስ ጭንቅላቱ እንዲከፈት ቶሎ ይምጣ ይላል። ማን ደበደበው? እርስ በርስ ተያየን። ዶርቃ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አየችና ሳቀች። እኔ በጭንቀት ልሞት እሷ ስትስቅ ተናደድኩ። ከዚያ ጣቷን ከፎቶው አንሥታ በባሏ ግንባር መስመሮች ላይ አሳረፈች። የኑዌር ወንድ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ግንባሩ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት ቦታ በቢላ ይተለተላል፤ የኮአንግ እስከ አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ በፎቶው ላይ ስንጥቅ የመሰለው እሱ ነው።

እታለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ከፎቶው ጋር የሄደውን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። ጭንቅላቱ ላይ ጠባሳ አለ ወይ ለሚለው የለም ብዬ ጻፍኩ። አልዋሸሁም! እዚህ ስንቱ ወንድ እንዲያ ስለሆነ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳየው ማየቱን ትቼው ነበር።

ሐኪማችን ደግሞ ራጅ አጥንት እንጂ አንጎል አያሳይም አለኝ። ቤቱን እንጂ ባለቤቱን አያይም ማለት ነው። ታዲያ ለምን አነሣነው ብዬ ብጠይቀው፣ ሌላ ምን አለን አለ። በውጭ አገር አንጎሉን ራሱን የሚያነሣ መሣሪያ መጥቷል አሉ፤ እኛ ግን የት አግኝተን? መስመሮቹ ጠባሳ ቢሆኑም በሽታው ከኋላቸው ሊኖር ይችላል። ደግሞ ባይኖርስ? ግራ ገብቶኛል።

ለአዲስ አበባው ሐኪም ጠባሳ ነው ብለን ቴሌግራም ልከን መልስ አልመጣም። ስለዚህ ከሐሙስ በፊት አብረሻቸው ሐኪሙ ዘንድ ግቢ። ዘበኛው ቢከለክልሽ፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር በአፍሽ ያሸነፍሽ ሰው አይደለሽም እንዴ? ፎቶውን ትተው መጀመሪያ ፊቱን ይዩት በይልኝ። ጭንቅላቱን ከመክፈታቸው በፊት ከጀርባ አጥንቱ መሃል በመርፌ ውሃ ቀድተው ይመርምሩለት፤ የኛ ሐኪም የሚለው ይህንኑ ነው። ቅጹ ላይ ጠባሳ የለም ብሎ የጻፈውም ወንድሜ ነው በያቸው፣ አትፈሪ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ጋሽ አሸብርን እንደናፈቀኝ ንገሪው። የወልደሥላሴን ጉንጭ እስኪቀላ ሳሚልኝ፤ አጎትህ በፊደልህ እንድትበረታ ይላል በይው።

ኮአንግ ስምሽን ደጋግሞ ቢጠይቅሽ አትቀየሚው። ዛሬ ጠዋት የኔንም ጠይቆኛል። አውሮፕላኑን እየጠበቅን ነው፤ ይህን ስጽፍልሽ ግራ እጄን ይዞ አለቅም ብሏል።

ወንድምሽ ወንዳፍራሽ
ጋምቤላ፣ ኅዳር 9 ቀን 1974 ዓ.ም.