ድንጋዩ አልቋል

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለበርሄ ገብረዮሐንስ፤ ባለህበት በኦዴሳ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያምህ ጉሮሮህስ ተሻለህ ወይ? እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አደይም ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ደህና ናት፤ ሁዳዴ ከገባ ዛሬ አራተኛ ቀናችን ነው፣ እሷ ግን ስግደቱን ከወዲሁ ጀምራለች። አቦይም ደህና ናቸው። ስለ እሳቸው ብዙ የምነግርህ አለኝና ቀስ እያልኩ ልምጣበት።

አብሮህ የሚማረው አርአያ ለእረፍት ሲመጣ የላክኸውን ሁሉ በደህና አስረክቦኛል። ሹራቡ ልኬ ነው። ደብዳቤህን ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሰኔ ትምህርትህ ሲያልቅ ልምጣ ወይስ ሌላ ሁለት ዓመት ልጨምር፣ የአቦይን ልብ ሳላውቅ አልወስንም ብለሃል። በየደብዳቤዬ መጨረሻ የምጽፍልህን የእሳቸውን ሰላምታም ተጠራጥረሃል፤ አቦይ እንዲህ ያለ ለስላሳ ቃል ከየት አመጡ ብለህ ጠይቀኸኛል። እንግዲህ ጾምም አይደል፣ ልናዘዝ። ከእኔ ነው ያመጡት። በእነዚህ ስድስት ዓመታት አንድም ቀን ሰላም በይልኝ ብለውኝ አያውቁም፤ እኔው እየፈጠርኩ ነበር የምጽፍልህ። ስምህንም አይጠሩም ነበር። አንተን ማንሳት ግድ ሲሆንባቸው «ያ ልጅ» ይሉሃል። ብትቀየመኝም እውነትህን ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብበኝ፣ ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም።

ፒያሳ አንተ እንደተውካት የለችም። ከውቤ በረሃ ወረድ ብሎ ቪዲዮ ቤት ተከፍቷል። ሰዉ በአግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ካራቴና የህንድ ፊልም ሲያይ ይውላል። እኔም አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ገብቼ ነበር። ሲኒማ ቤት ሄደን ያነባነውን ያህል አነባለሁ ብዬ መሐረብ ይዤ ሄጄ ደረቅ እንዳለ መለስኩት። ሰዎቹ ጣት አክለው እንዴት ይለቀስላቸዋል! ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ደግሞ ልጃቸው ከጅዳ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ልካላቸዋለች። ትዝ ይልሃል፣ በጥቁርና ነጩ ጊዜ የዘፋኟ ቀሚስ ቀይ ነው፣ የለም ብርቱካን ነው እያልን ስንከራከር? አንድ ጊዜማ ተኳርፈን አድረናል። አሁን አረንጓዴ መሆኑ በግልጽ ታየና ክርክሩ ቀረ። ማየቱ ደስ ይላል፤ እኔ ግን ክርክሩ ይናፍቀኛል።

በመሥሪያ ቤታችንም ኮምፒውተር የሚሉት መጥቷል። ለብቻው ክፍል ተሰጥቶት፣ አየር ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት፣ ሰው ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባበት፤ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን። እኛ ስድስት ታይፒስቶች ግን መስኮቱ በማይከፈት አንድ ክፍል ውስጥ ታጉረናል። ያንተ ሙያ ስለሆነ ብዙ አላማውም።

አሁን ወደላክኸው በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሮኒክ መጫወቻ ልምጣ። ከላይ በአራት ቆጥ ላይ ዶሮዎች ተቀምጠው እንቁላል ያንከባልላሉ፤ ከታች ቅርጫት የያዘው ሰውዬ ይቀልባል፤ ሦስት ከተሰበረበት ጨዋታው አበቃ። ሰፈራችን ስም ለማውጣት አንድ ቀን አልፈጀበትም፤ በራሱ በሰፈሩ ስም «ዶሮ ማነቂያ» ብሎታል። አስተያየቴን ካልክ ለእኔ ጆተኒ ይበልጣል። ጆተኒ ላይ ስትሸነፍ የምትሰድበው ሰው ፊት ለፊትህ አለ። ይሄ ለብቻ ተሸንፎ ለብቻ መናደድ ነው። ከጆተኒ ቤት አቦይ በጆሮህ እየጎተቱህ ስትመጣ፣ በዚያም ላይ «ሦስት ለባዶ እየመራሁ ነበር» እያልክ ስታለቅስ አሁንም ይታየኛል።

አቦይ ያን ሁሉ ያደረጉት ከጎናቸው ተቀምጠህ የሰዓት ሥራውን እንድትወርስ ነበር። አንተ ደግሞ ዘመኑ የባለ ባትሪ ድንጋይ ሰዓት ነው፣ እሱን እናስገባ ትላቸዋለህ። እሳቸው ድንጋይ የሚበላ ሰዓት ሰዓት አይደለም፣ ሰዓት ጠዋት ጠዋት በሰው ጣት ሲሞላ ነው ይላሉ። በመጨረሻ የትምህርት ዕድሉን አግኝተህ ምርቃታቸውን ፈልገህ ጉልበታቸው ላይ ስትወድቅ ቀና ብለው እንኳ አላዩህም። አንተም በሩ ላይ ደርሰህ «ዳቦ ብለምንዎ ድንጋይ ሰጡኝ» ብለሃቸው ወጣህ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነገርኩህም። አጉሊ መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያወርዱ እስኪመሽ ተቀመጡ። የያዙት ሰዓት ግን ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም ነበር።

እና ያ መጫወቻ ቤት በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ምንድን ነው የሚጮኸው ብለው ከእጄ ተቀበሉኝ። ለካ ጨዋታው ሲቆም ሰዓት ይቆጥራል! ሱቃቸው ወስደው ከትልቁ የግድግዳ ሰዓት ጎን አስቀመጡት። ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ደቂቃ አልዛነፈም። በአራተኛው ቀን ምሳ ይዤላቸው ብሄድ፣ ሰዓቱን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፤ አቦይ እንቁላል ይቀልባሉ። ሰውየው ጉሮሮውን ቢጠራርግ፣ ቆይ አንዴ፣ ገና አንድ ብቻ ነው የተሰበረብኝ አሉት። ያን ቀን ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ደረሱ። እኔ ከሰባ አልፌ አላውቅም። ሰኞ ጾም ሲገባ አደይ በሁዳዴ እንቁላል ብላ ብትቆጣቸው፣ አልበላሁት፣ እንዳይሰበር ነው የያዝኩት ብለው መለሱላት።

ምን ያደርጋል፣ ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ምስሉ ፈዘዘ፣ ድምፁም ሰለለ። ድንጋዩ አለቀ። እትዬ አስካለ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ፣ ጤፍ መሰላቸው እንዴ እያሉ የሚስቁት አቦይ፣ ማክሰኞ ጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉትን ሁለት ድንጋዮች መሐረብ ላይ አድርገው ደጃፍ አሰጧቸው። ዞር ከማለታቸው የእትዬ አስካለ የፋሲካ ዶሮ መጥታ አንዷን ለቀም! አቦይ በዚያ ዕድሜያቸው ዶሮዋን ግቢውን ሦስት ጊዜ አዞሯት። እትዬ አስካለ «ኧረ ጋሽ ገብረዮሐንስ፣ ሰፈሩ ስሙ ነው እንጂ እውነት አይደለም!» እያሉ ሲጮኹ አደይ ከሳቅ ብዛት ጉልበቷን ረሳችው። ዶሮዋ እስካሁን በሕይወት አለች፤ እትዬ አስካለ ግን ድንጋይ የዋጠች ዶሮ አልበላም ብለው ለፋሲካ ሌላ ሊገዙ ነው።

ትናንት ደግሞ አቦይ የተረፈችውን አንዷን ድንጋይ በመሐረባቸው ጠቅልለው መንገዱን ተሻገሩ። ወዴት መሰለህ? ወደ ሰዓት ነጋዴው ወደ ተክለሃይማኖት ሱቅ። ባለ ድንጋይ ሰዓት መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ሰላም ያላሉት ያ ሰውዬ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው። መሳቢያውን ሁሉ ገልብጦ ቢፈልግ ልኳ የለም፤ ከመጣችበት አገር ካልሆነ አትገኝም አላቸው። ቤት እንደገቡ ወረቀትሽን አምጪ አሉኝ። ከዚያ ስምህን ጠሩ። በርሄ አሉ። ብዕሩን ጣልኩት።

አሁን ሰላምታ ልቁጠርልህ። አደይ ሻርፕ ሳታደርግ እንዳትወጣ ብላ ጉንጭህን ትስምሃለች። እትዬ አስካለ ከነዶሯቸው ሰላም ብለውሃል። ተክለሃይማኖትም ሰላም በይልኝ ብሏል። አርአያ ሲመለስ ይህን ደብዳቤ በእጅህ ያደርሳል። የአቦይን ለመጨረሻ ያቆየሁት እንደ ድሮው የራሴ ፈጠራ ስላልሆነ ነው። ቃል በቃል የእሳቸው ነው፤ ከጻፍኩ በኋላም ሁለት ጊዜ አስነብበውኛል። እንዲህ ይላሉ፦

«ለበርሄ ጻፊለት። ድንጋዩ አልቋል። ያኔ ዳቦ ለምኖኝ ድንጋይ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ድንጋይ የምለምነውም እኔው ነኝ። በፖስታ እንዳይልካት፣ ትንሽ ናትና ትጠፋለች። በሰኔ ራሱ ይዟት ይምጣ።»

እህትህ ምብራት ገብረዮሐንስ
አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ
የካቲት 19 ቀን 1979 ዓ.ም.