ሁለት ወር የደበቅሁበት ልጅ

ለምወድዎትና ለምናፍቅዎት እናቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የብድሬ አየር ለቁርጥማትዎ ተስማማው? ወንድሜ ፍቅረየሱስ ይህን ሲያነብልዎ ደህና ሆነው ያገኝዎት። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ የስንዴ አጨዳ ተጀምሮ ኮምባይነሩ ቀኑን ሙሉ ያጓራል። ባለቤቴ ደምመላሽ ለሥራ ደሎ መና ወርዶ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ቤቱ ሰፍቶብኛል።

በስልክ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ድምፅዎን ስሰማ አፌ ይያዛል። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ቀስ እያልኩ ጻፍኩት።

በመስከረም አስወረደኝ ብዬ የነገርኩዎት ልጅ ወንድ ነበር። ሰባት ወሩ ነበር።

እርስዎ «ሆድሽ ራሱ እስኪናገር አትናገሪ፣ ሲጠይቁሽም ሁለት ወር ቀንሺ፣ የሰው ዓይን ክፉ ነው» ብለውኝ ነበር። እንዳሉኝ አደረግሁ። እዚህ ልጆች ያለ ጊዜያቸው እንዳይወለዱ እርጉዝ ሴቶችን በየቤቱ የሚከታተል ፕሮግራም አለ። የሰፈራችን ጤና ሠራተኛ ኡርጂ ልትመዘግበኝ ስትመጣ አምስት ወር ሆኖኝ ሦስት ነው አልኳት። ሌላ ቀን ሆዴን በሜትር ስትለካ «አንቺ፣ መንታ ደብቀሽብን ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ምጥ ሲይዘኝ ካርዴ አምስት ወር ይል ነበር። ጤና ጣቢያ ስደርስ ካርዱን አይተው፣ የሕፃን ሳንባ የሚያጠነክረው መርፌ ለዚህ ወር አይሰጥም፣ ይህ ውርጃ ነው አሉ። ውሸቴን ለማውጣት አፍሬ ዝም አልኩ። ሲወለድ ትንሽ ተነፈሰ፤ ድምፁ እንደ ጫጩት ነበር። አዋላጇ ትልቅነቱን አይታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ለውርጃ ልቅሶ አይቀመጡም። ጎረቤት ሁሉ «ሌላ ይሰጥሻል» እያለ ከበር ተመለሰ። ጡቴ ወተት ሞልቶ ሲያመኝ በመቀነት አስሬ ብቻዬን ተኛሁ።

ባለፈው ሳምንት ሠርከአዲስ የምትባል ልጅ ፕሮግራሙ ጠቅሞ እንደሆነ ልታጣራ ከአዲስ አበባ መጣች። ኡርጂ ዘንድሮ በሰፈራችን ያለ ጊዜው የተወለደ የለም ብላ ደስ ብሏት ነበር። ሠርከአዲስ እሷን ከውጭ አስቀርታ «ስትመዘገቢ ስንት ወርሽ ነበር?» አለችኝ። ሦስት ልል ነበር። አምስት አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ውርጃ ከሚለው ሰርዛ ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱት ተርታ ጻፈችው። እዚያ አንድ ብቻ አለ፣ የእኔ ነው።

ወጥቼ ለኡርጂም ራሴ ነገርኳት። ሁለት ቀን ሰላም አላለችኝም፤ አልፈረድኩባትም። በሦስተኛው ቀን የሰፈሩን ሴቶች አስከትላ መጣች። «ዋሽተሽኛል፣ ተቀይሜሻለሁ። ግን ልጅ ነው የሞተብሽ። ጀባዱ፣ በርቺ» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ድምፄን አውጥቼ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

እማዬ፣ ይህን የምጽፈው ልወቅስዎት አይደለም። ያሉኝ ከመውደድ ነው፤ ዋሽታ ዝም ያለችው እኔ ነኝ። እርስዎም ልጄን ያልቅሱለት። አያቱ ነዎት።

ፍቅረየሱስን ይሳሙልኝ። ጎረቤትዎን እትዬ ሃጂራን እጅ ነስታለች ይበሉልኝ። የወንድሜን ሚስት ማሂን፣ ማርገዟን ሰምቻለሁና፣ ጉንጯን ይሳሙልኝ። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ወሯን አያስቀንሷት።

ናፋቂ ልጅዎ ማናልበሽ
ሮቤ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.