በሕይወት ላለች እኅቴ ስለተተከለው ድንኳን

ላፍቶ፣ ኅዳር 19 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አምሐ ሲራክ
የታችኛው ላፍቶ መረዳጃ እድር ዳኛ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ከርማችኋል? ጤና በሰፈራችን ብርቅ እየሆነ ስለመጣ የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። እኔ ደህና ነኝ። እኅቴ ቡዜም፣ እድሩ ባለፈው ማክሰኞ ካወጀው በተቃራኒ፣ በሕይወት አለች።

ይህን ደብዳቤ በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እሷው ፈቅዳልኝ ነው። የበሽታዋን ስም ሳልሸፍን እንድጽፍም አዝዛኛለች። ኤድስ ነው። ቃሉ ከሰሌዳው ላይ ወርዶ ማንንም እንደማይዝ እያረጋገጥኩ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. በእድራችን መዝገብ አምና ካረፉት መካከል አሥራ አንዱን የገደላቸው ብርድ መሆኑን አንብቤ ተደንቄአለሁ። የደጋ ሰው ጋቢውን ደርቦ እስከ ሰማንያ ዓመቱ ሲኖር፣ የላፍቶ ብርድ ግን ሠላሳ ዓመት ያልሞላውን እየመረጠ ይመታል። ኮሚቴው ይህን የመሰለ ብርድ አግኝቶ ለዓለም ሳያሳውቅ መቅረቱን ከትሕትናው ቆጥሬዋለሁ።

2ኛ. በመስከረም ጉባኤ ላይ የጤና ባለሙያ እንዲያስተምረን ስለጋበዛችሁ እግዜር ይስጥልን። የበሽታውን ስም ሳይጠራ ስለ በሽታው እንዲያስተምር በክብር ስለጠየቃችሁት፣ ምስኪኑ ሰውዬ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ እጅ መታጠብ ነግሮን ሄደ። እጃችን ንጹሕ ነው። የተማርነውን ተጠቅመን ሁላችንም ከእኅቴ ላይ ታጥበነዋል።

3ኛ. ቡዜ አሥራ አንድ ዓመት የእድሩ እቃ ቤት ኃላፊ ነበረች። በእርስዎ እናት ለቅሶ ጊዜ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ብረት ድስት ስታጥብ አይተዋታል። መታመሟ እንደተሰማ የነካችው ኩባያ በሙሉ ተሰብስቦ በጆንያ ታስሮ ግቢያችን በር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ስልሳ ሁለት ኩባያ ነው። ሁለት ሰዎች ስለሆንን ስልሳው ትርፍ ሆኖብናል፤ እንግዳ ቢመጣ ግን አንቸገርም።

4ኛ. አሁን ወደ ማክሰኞ ልምጣ። ረፋድ ላይ ቡዜ ራሷን ስታ ወደቀች፤ እኔም ደንግጬ ጮኽኩ። ጩኸቱ የእኔ ጥፋት ነው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ አቶ ነገሪ በአጥራችን ጥግ ሲያልፉ ሰሙኝ። ሌላ ቤት ቢሆን ገብተው ምን ሆናችሁ ይሉ ነበር። እኛ ቤት ስምንት ወር ሙሉ ሰው ገብቶ ስለማያውቅ ልማዱን ማፍረስ አልፈለጉም መሰለኝ፣ ከአጥር ማዶ የሆነውን ገምተው ወደ ጥሩምባቸው ሄዱ። እኔ ውሃ እየረጨሁ እኅቴ ዓይኗን እስክትገልጥ፣ ነፍሷም ተመልሳ እስክትረጋጋ ድረስ ድንኳኑ ደጃችን ላይ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ ስም መጠራት ጀምሮ ነበር። ሕጋችን ከቀብር የቀረን ስለሚቀጣ ከመቶ ሃያው አባል የጎደለ አልነበረም።

ቡዜ ጫጫታውን ሰምታ ምንድን ነው አለችኝ። ቀና ብላ በመስኮት አየች። ልትጠይቋት የመጣችሁ መሰላት። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን አቁሜ እውነቱን ልናገር፤ ከታመመች ወዲህ እንዲያ ደስ ብሏት አላየሁም። ፀጉሯን እንዳበጥርላት ጠየቀችኝ። ነጠላዋን ለብሳ በእኔ ተደግፋ ወጣችና ከፊት ያላችሁትን በየስማችሁ እየጠራች አመሰገነቻችሁ። እናንተም ለለቅሶ ያዘቀዘቃችሁትን ነጠላ እያቃናችሁ መሬት መሬት ታዩ ነበር። ነገሩ የገባት ያኔ ነው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ተነቀለ። ሟች ስለሌለ ስብሰባው ከደንብ ውጭ ነው መባሉን ሰምቻለሁ። ጋሽ ኮርሳ፣ እነዚያ ከወንዙ ማዶ የሚያርሱት ሽማግሌ፣ ብቻቸውን ቀሩ። ከመጣሁ አይቀር ብለው ገቡ፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው በኩባያዋ ውሃ ጠጡ፣ ስለ ጤፋቸው አጫወቷት። ጋሽ ኮርሳ እስከ ዛሬ አልሞቱም። ኮሚቴው ማጣራት ከፈለገ ግን በዚህ ጊዜ እንኳ ቤት ገብቶ እንዲያይ እለምናለሁ።

5ኛ. የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቡዜ ምግብ፣ ንጹሕ ውሃና አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ካገኘች ገና ብዙ ትቆያለች ብላናለች። ሁለቱን እኔ እሞክራለሁ። ሦስተኛውን ግን አልችልም፤ ሥራ ስውል በሩ ተዘግቶባት ግድግዳ ስታይ ትውላለች። ስለዚህ ለሞተ ሰው ሦስት ቀን የሚቀመጠው እድራችን፣ ለታመመ አባሉ በቀን አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት እንዲመድብ ደንቡ ይሻሻልልን። ይህ ከባድ ከሆነ የማክሰኞው ስህተት በየሳምንቱ እንዲደገም አጥብቄ እጠይቃለሁ።

በቀብሬ ቀን እንደማይቀሩ ቅንጣት የማልጠራጠር፣ ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ቢመጡ ደስ የሚለኝ፣ ስሙ ሲጠራ ቀርቶ የማያውቅ ታዛዥዎ፣

ወጋየሁ እንግዳ

ማሳሰቢያ፦ ማክሰኞ ዕለት መቃብር እንዲቆፍሩ የተመደቡት አራት አባላት አካፋና ዶማ ይዘው ከመንገድ እንደተመለሱ ሰምቻለሁ፤ ስላንከራተትናቸው ይቅርታ እንጠይቃለን። የግቢያችን መጸዳጃ ሞልቷል፤ ነርሷም አዲስ ካልተቆፈረ የቡዜ ተቅማጥ አይቆምም ብላለች። እነዚሁ ሰዎች የቀረባቸውን ቁፋሮ መጥተው እኛ ግቢ እንዲጨርሱት በትሕትና እጠይቃለሁ። ጥልቀቱ ከመቃብር ትንሽ ይበልጥ ይሆናል፤ ቡዜ ግን በእግሯ ሄዳ የምትመለስበት ነው።